እንግዶች የሠሯት እንግሊዝ

ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። እሳቸው ለንደን ውስጥ ረጅም ዘመን የኖሩ፣ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተሠሩ የእንግሊዝ ፊልሞችን አጥብቀው የሚወዱ ሰው ናቸው፤ እሷ የፊልም ኤዲቲንግ የምትማር ወጣት ናት። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ትናንት ያሳዩኝን «ብሪፍ ኢንካውንተር» እያየሁ ተናድጄ ነበር። ትዳር ያላቸው ሁለት ሰዎች ባቡር ጣቢያ ይገናኛሉ፤ ይዋደዳሉ፤ ሻይ ይጠጣሉ፤ ባቡር ይመጣል፤ ይለያያሉ። አለቀ። እናንተ የዚያ ዘመን ፊልም ወዳጆች ግን ስሙ ሲነሳ ፊታችሁ ይፈካል። ምን አግኝታችሁበት ነው?

አጎት፦ የቱ ላይ ነው የተናደድሽው?

የእህት ልጅ፦ ስንብቱ ላይ። የመጨረሻዋን ደቂቃ አብረው ሊቀመጡ ሲሉ ያቺ ወሬኛ ሴትዮ መጥታ ጠረጴዛቸው ላይ ዘፍ አለች። ሰውየው ደህና ሁኚ እንኳ ማለት አልቻለም፤ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ወጣ። ሴትዮዋን ከወንበሯ ልገፈትራት ምንም አልቀረኝም።

አጎት፦ ልትገፈትሪያት የተነሳሽው ፊልሙ ስለያዘሽ ነው። ባለታሪኳ ላውራ መጮህ ትችል ነበር፤ ሂጂልኝ ማለት ትችል ነበር። ግን ይሉኝታ አለባት። ልቧ እየተሰበረ ፊቷ ለወሬኛዋ ፈገግ ይላል። አንቺ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ ያስፈልግሻል? እናትሽ እንግዳ ፊት ሆዷ እየተቃጠለ እንዴት እንደምትጫወት እያየሽ አይደል ያደግሽው?

የእህት ልጅ፦ እሱስ እውነት ነው።

አጎት፦ እንግዲህ የኤዲቲንግ ተማሪ ነሽና ልጠይቅሽ። ያ ስንብት በፊልሙ ውስጥ ስንት ጊዜ ይታያል?

የእህት ልጅ፦ ሁለቴ። ፊልሙ ሲጀምርም አለ። ያኔ ግን ማን እንደሆኑ ስለማላውቅ ምንም አልተሰማኝም። አንድ ሰው የአንዲትን ሴት ትከሻ ነክቶ ሲወጣ አየሁ፤ ወዲያው ካሜራው ወሬኛዋን ተከትሎ ወደ ባንኮኒው ሄደ። ዞር ስትል ላውራ ወንበሯ ላይ የለችም። ሁለተኛው ላይ ግን የቀረነው ከላውራ ጋር ነው። እጁ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ለእኔም ከበደኝ። ከዚያ ፈጣኑ ባቡር ሲመጣ ወደ ሐዲዱ ስትሮጥ... እሺ፣ አሁን ገባኝ። ትዕይንቱ ያው ነው፤ የተለወጠው እኔ የማውቀው ነገር ነው።

አጎት፦ ዴቪድ ሊን ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት ስሙ የተጠራ ኤዲተር ነበር። ለዚህ ነው አንድን ነገር ሁለቴ አሳይቶ ሁለት የተለያየ ስሜት መፍጠር የቻለው። ፊልሙ በተመልካች ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር፣ ሮቸስተር በምትባል ከተማ፣ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሰዎች በፍቅሩ ትዕይንት ሳቁበት። ሊን ያን ቀን ምን ያህል እንዳፈረ ኋላ ራሱ ተናግሯል። በ1999 የብሪታንያ የፊልም ተቋም የክፍለ ዘመኑን 100 የብሪታንያ ፊልሞች ሲያስመርጥ ያ የተሳቀበት ፊልም ሁለተኛ ወጣ።

የእህት ልጅ፦ አንደኛውስ?

አጎት፦ «ዘ ሰርድ ማን»። እሱን ጊዜ ወስደን እናወራዋለን። መጀመሪያ ግን ስለ ጣቢያው ልንገርሽ፤ የዚህ ሁሉ ፍቅር ሥሩ እዚያ ይታየኛል። ፊልሙ ሲቀረጽ የ1945 መጀመሪያ ነው፤ ጦርነቱ አላለቀም። ለንደን አጠገብ ባለ ጣቢያ ሌሊቱን ሙሉ ትልልቅ መብራት ማብራት ለጠላት ዒላማ መስጠት ነበር። ስለዚህ ወደ ሰሜን ርቀው ላንካሽር ውስጥ ካርንፎርዝ የምትባል ጣቢያ መረጡ፤ አውሮፕላን ቢመጣ እንኳ መብራቱን ለማጥፋት ጊዜ ይኖራል ብለው ነው። በብርድ፣ ሌሊት ሌሊት፣ የመደበኛው ባቡር እንቅስቃሴ ሲቀንስ ቀረጹ። አገሩ በሙሉ ለዓመታት በጨለማ ሲኖር እነሱ አንድ ጣቢያ አብርተው የሁለት ሰው ስንብት ይቀርጹ ነበር። ይህን አስቢው።

የእህት ልጅ፦ ሻይ ቤቱም እዚያው ነው?

አጎት፦ እሱ ዴንሃም ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው። ጣቢያው ግን እስከ ዛሬ አለ። የፊልሙ ወዳጆች ከየአገሩ እየመጡ ከሰዓቱ ሥር ፎቶ ይነሳሉ። ጣቢያው ሲታደስ የፊልሙን ሻይ ቤት የመሰለ ሻይ ቤት እዚያው ተከፈተ፤ ስቱዲዮው ጣቢያውን መስሎ ነበር፣ አሁን ጣቢያው ስቱዲዮውን መስሏል። እኔም ሄጃለሁ። ሻይ አዝዤ ተቀመጥኩ፤ ከጎኔ የነበሩት ባልና ሚስት የፊልሙን ንግግር በቃላቸው ይለዋወጡ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ግን እንግሊዛዊ አይደሉም። ይህ የእነሱ ሻይ፣ የእነሱ ባርኔጣ፣ የእነሱ አነጋገር ነው። ለእነሱ የአያቶቻቸው ዘመን ነው፤ ቢናፍቁት አይገርመኝም። እርስዎስ ምኑን ይናፍቃሉ?

አጎት፦ ናፍቆት አይደለም። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ሰዎች ይሳሳቱበታል። ምሳሌ ልስጥሽ። የዚህን ፊልም ካሜራ የያዘው ማን ይመስልሻል? ሮበርት ክራስከር። እስክንድርያ፣ ግብፅ ውስጥ ተወልዶ አውስትራሊያ ያደገ ሰው ነው። «ዘ ሰርድ ማን»ንም የቀረጸው እሱ ነው፤ በዚያ ኦስካር አግኝቷል። ስለ እንግሊዝ ገጠር ከተሠሩት ሁሉ እንግሊዝ እንግሊዝ የሚሸተው «ዌንት ዘ ዴይ ዌል?» ነው፤ በ1942 የወጣ። የጀርመን ወታደሮች የእንግሊዝ ወታደር መስለው አንዲት መንደር ይገባሉ፤ ፖስታ ቤት የምትሠራው ሴት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ፣ ሕፃናቱ ሁሉ ይዋጋሉ። ያን ያዘጋጀው አልቤርቶ ካቫልካንቲ ብራዚላዊ ነው። የኢሊንግ ስቱዲዮ የመጨረሻ ታላቅ ኮሜዲ የሚባለው፣ በ1955 የወጣው «ዘ ሌዲኪለርስ» ደግሞ ጽሑፉ የአሜሪካዊው የዊልያም ሮዝ ነው፤ ታሪኩን በሕልሙ አይቶት ነው ይባላል።

የእህት ልጅ፦ ያቺ የዋህ አሮጊት ቤት ሌቦች ሙዚቀኛ መስለው የሚከራዩበት?

አጎት፦ እሷ! ኬቲ ጆንሰን ትባላለች። በሰባ ስድስት ዓመቷ ሠርታው የብሪታንያን የፊልም ሽልማት ወሰደች። ግን ከሁሉም በላይ ልነግርሽ የምፈልገው ስለ ኤመሪክ ፕረስበርገር ነው።

የእህት ልጅ፦ «ዘ ሬድ ሹዝ»ን የሠራው?

አጎት፦ ከማይክል ፓወል ጋር። ፓወል የካንተርበሪ አካባቢ ልጅ ነው፤ ከእንግሊዝ አፈር የበቀለ። ፕረስበርገር ግን ሚሽኮልስ፣ ሃንጋሪ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በርሊን ውስጥ ለትልቁ የጀርመን የፊልም ድርጅት ይጽፍ ነበር። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ሸሸ። ሲወጣ የቤቱን ቁልፍ በሩ ላይ ትቶ እንደሄደ ይነገራል፤ ሊይዙት የሚመጡት በሩን እንዳይሰብሩት ብሎ። ፓሪስ ከረመ፤ በ1935 ለንደን ገባ። እንግሊዝኛ የተማረው ጎልምሶ ነው። ይህ ሰው ነው እንግሊዞች ስለ ራሳቸው የሚያዩትን እጅግ ውብ ፊልም የጻፈላቸው። ሁለቱ «ዘ አርቸርስ» የሚባል ድርጅት አቋቋሙ፤ ፊልሞቻቸው ላይ ጽሑፉም፣ ዝግጅቱም፣ ፕሮዲውስ ማድረጉም በሁለቱ ስም እኩል ነው የሚጻፈው። ይህ የኔ ነው፣ ይህ ያንተ ነው የለም።

የእህት ልጅ፦ እጅግ ውብ ያሉት የትኛው ነው?

አጎት፦ «ዘ ላይፍ ኤንድ ዴዝ ኦቭ ኮሎኔል ብሊምፕ»። 1943። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ከቦር ጦርነት ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዴት እንዳረጀ ይተርካል። አንድ ጀርመናዊ ወዳጅ አለው፤ ሁለቱ የተዋወቁት በሰይፍ ሲፋለሙ ነው። ልብ በይ፣ ለንደን በቦምብ በምትደበደብበት ዘመን የተከበረ፣ አስተዋይ፣ የሚወደድ ጀርመናዊ ፊልም ውስጥ አስገቡ! ቸርችል ሊያስቆመው ሞከረ። ለዋናው ገጸ ባሕርይ የታሰበው ሎረንስ ኦሊቪየ ከባሕር ኃይል አልለቀቅ አለ። በሱ ፈንታ ሮጀር ሊቭዚ ተመረጠ፤ የአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረ ተዋናይ። ዛሬ ያን ሚና ሌላ ሰው ሲጫወተው ማሰብ አልችልም።

የእህት ልጅ፦ ጀርመናዊውን የሚጫወተውስ?

አጎት፦ አንቶን ዋልብሩክ፤ ቪየና ተወልዶ በናዚ ምክንያት አገር የለወጠ። አንድ ትዕይንት አለ፤ ሽማግሌ ሆኖ እንግሊዝ መጥቶ ጥገኝነት ሲጠይቅ። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጆቹ ናዚ ሆነዋል፤ ቀብሯ ላይ እንኳ አልመጡም። መርማሪው ለምን መጣህ ይለዋል። ካሜራው ፊቱን አይለቅም፤ ሙዚቃ የለም። ሰውየው ዝግ ባለ ድምፅ የሚስቱን አገር ትዝታ ያወራል። የጻፈው ስደተኛ ነው፤ የሚናገረው ስደተኛ ነው። እኔ ያን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር፣ በዚህ አገር ኢሚግሬሽን ቢሮ ጠረጴዛ ፊት የተቀመጡትን የማውቃቸውን ሰዎች ሁሉ አያለሁ። አንቺ ምኑን ይናፍቃሉ አልሽኝ። ይኸው ነው። የራሴን ነገር ነው የማየው።

የእህት ልጅ፦ ይህን አልጠበቅኩም። እኔ የእንግሊዝ ጨዋዎች ለእንግሊዝ ጨዋዎች የሠሩት መስሎኝ ነበር።

አጎት፦ ሃይን ሄክሮት የሚባል ጀርመናዊ ሰዓሊም ነበር። በ1940 እንግሊዞች እሱን ራሱን እንደ ጠላት ዜጋ ይዘው ዱኔራ በተባለች መርከብ ወደ አውስትራሊያ አጋዙት። ተፈትቶ ተመለሰ። ከስምንት ዓመት በኋላ የ«ዘ ሬድ ሹዝ»ን ትዕይንት የነደፈው እሱ ነው፤ ኦስካር ተሸለመበት። ያ አሥራ ሰባት ደቂቃ የሚፈጀው ባሌ፣ መድረኩ ወደ ባሕር፣ ባሕሩ ወደ ጭብጨባ የሚለወጥበት፣ የሱ ሥዕል ነው። ያጋዘችውን አገር ሲኒማ በቀለም ሞላላት።

የእህት ልጅ፦ ያን ባሌ ትምህርት ቤት አይተነዋል። አስተማሪያችን ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም ብሎናል፤ ዳንሱ ከመድረክ ወጥቶ ወደ ልጅቱ ጭንቅላት ውስጥ ሲገባ። ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር ያስቸግረኛል። የፓወልንና የፕረስበርገርን «ብላክ ናርሲሰስ»ንም አየሁት። ውብ ነው፤ አልክድም። ሂማላያ ላይ የተሠራ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ፓይንውድ ስቱዲዮ ውስጥ እንደሆነ ሰማሁ።

አጎት፦ ተራሮቹ መስታወት ላይ የተሳሉ ናቸው፤ ፐርሲ ዴይ የሚባል ሽማግሌ ሰዓሊና ልጆቹ ናቸው የሣሏቸው። ካሜራማኑ ጃክ ካርዲፍ ብርሃኑን ከቬርሜር ሥዕሎች ነው የተማረው። የቴክኒከለር ካሜራ ብርሃኑን ሦስት ቦታ ከፍሎ ሦስት ፊልም ላይ ያሳርፋል፤ ስለዚህ የሚፈልገው የመብራት ብዛት አያድርስ ነው፤ ስቱዲዮው እንደ እቶን ይግል ነበር። በዚያ ግለት ውስጥ የበረዶ ተራራ ንጋት ሠሩ። ካርዲፍም ንድፍ አውጪው አልፍሬድ ዩንገም ኦስካር ወሰዱ። ዩንገም ጀርመናዊ ነው፣ ልብ በይ።

የእህት ልጅ፦ እሺ፣ እሱን ተቀብያለሁ። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ካንቺ የምትባለውን የአገሬው ልጅ የምትጫወተው ጂን ሲመንስ ናት፤ እንግሊዛዊት፣ ቆዳዋን ቡናማ ቀብተዋት፣ አፍንጫዋ ላይ ጌጥ አድርገውላት። አንድ ቃል አትናገርም፤ ዓይኗን ታሽከረክራለች፤ ትደንሳለች። ስደተኞቹ ስለ ራሳቸው እንዲህ በጥልቀት ካሰቡ፣ ስለ ሕንዶቹ ለምን አላሰቡም? እናንተ ወዳጆቹ ደግሞ ስለ ቀለሙና ስለ ተራራው ስታወሩ ይህን ትዘሉታላችሁ።

አጎት፦ ብዙዎች ይዘሉታል። እውነት ነው።

የእህት ልጅ፦ የዴቪድ ሊን «ኦሊቨር ትዊስት»ም አለ። አሌክ ጊነስ አይሁዳዊውን ፌጊንን ሲጫወት የለጠፉለት አፍንጫ! 1948 ነው፤ ሦስት ዓመት ብቻ ነው ከናዚ የሞት ካምፖች በኋላ።

አጎት፦ በ1949 በርሊን ላይ ሊታይ ሲል ከእልቂቱ የተረፉ አይሁዶች ተቃውመው አስቆሙት። አሜሪካም እስከ 1951 አልገባም፤ ሲገባም ተቆራርጦ ነው። ይህን የማያነሳ የሊን ወዳጅ አልወድም። «ብላክ ናርሲሰስ»ን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አለ። ፊልሙ የወጣው በ1947 ነው፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሕንድ ነጻ ወጣች። ታሪኩም የእንግሊዝ መነኮሳት በማያውቁት ተራራ ላይ ትምህርት ቤት እንክፈት፣ ሕክምና እንስጥ ብለው መጥተው፣ ነፋሱና ቦታው አሸንፏቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲወርዱ ነው። የሚለቁ ሰዎች ፊልም ነው። ይህ የጂን ሲመንስን ቀለም አያጥበውም። ሁለቱም እዚያው ፊልም ውስጥ አሉ፤ እኔ ሁለቱንም ነው የማየው።

የእህት ልጅ፦ ሁለቱንም ማየት ካልተቻለ መውደድም አይቻልም ማለት ነው?

አጎት፦ መውደድማ ይቻላል፤ ግን ፊልሙን ሳይሆን ትዝታን መውደድ ይሆናል። ወደ «ዘ ሰርድ ማን» ልውሰድሽና የማደንቀው ምን እንደሆነ በደንብ ትረጂኛለሽ። ቪየና፣ 1948 መጨረሻ። ከተማዋ ለአራት ኃያላን ተከፋፍላለች፤ ብዙ ቦታዋ ፍርስራሽ ነው። ካሮል ሪድ የስቱዲዮ ፍርስራሽ አልሠራም፤ ካሜራውን ይዞ እውነተኛው ውስጥ ገባ። መንገዱን በውኃ እያስረጠቡ ሌሊት ቀረጹት፤ ለዚያ ነው ድንጋዩ ሁሉ የሚያብለጨልጨው። ሃሪ ላይምን የሚጫወተው ኦርሰን ዌልስ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ የሚሮጠው ያ ትልቅ ጥላ የረዳት ዳይሬክተሩ የጋይ ሃሚልተን ነው። ከፍሳሽ ቦዩ ክዳን የሚወጡት ጣቶች ደግሞ የራሱ የካሮል ሪድ ናቸው።

የእህት ልጅ፦ የራሱ የዳይሬክተሩ?

አጎት፦ የራሱ። ሙዚቃውንም ታውቂዋለሽ። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ኦርኬስትራ ያስመጣ ነበር። ሪድ ቪየና ወይን ቤት ውስጥ ዚተር የሚመታ አንቶን ካራስ የሚባል ሰው ሰማ፤ ወደ ለንደን አምጥቶ ፊልሙን በሙሉ ብቻውን አስመታው። ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ የሚመታ የክር መሣሪያ ነው። አንድ አዝማሪ የአንድን ከተማ ሐዘን ብቻውን ሲሸከም ማለት ነው።

የእህት ልጅ፦ የመጨረሻው ትዕይንት ግን ለኤዲተር ቅዠት ነው። ጋሼ፣ ልጅቱ ከዚያ ረጅም መንገድ ጫፍ እየተራመደች ስትመጣ ካሜራው ዝም ብሎ ቆሟል። ዛፎቹ ቅጠል ያራግፋሉ። ሰውየው ጋሪው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። እኔ ብሆን አራት ቦታ እቆርጠው ነበር።

አጎት፦ ብትቆርጪው ይሞታል። ደራሲው ግራሃም ግሪን ሁለቱ ቢታረቁ፣ ልጅቱ ክንዱን ብትይዝ ይሻላል ብሎ ነበር። ሪድ እምቢ አለ። ልጅቱ የምትወደውን ሰው ቀብር ጨርሳ እየሄደች ነው፤ ያን ሰው የገደለው ደግሞ ይህ የሚጠብቃት ነው። ቀና ብላ ሳታየው አለፈች። ግሪን ኋላ ሪድ ልክ እንደነበር በጽሑፍ አምኗል።

የእህት ልጅ፦ እኔ ብሆን አላየውም ነበር። የተቀበረው ሃሪ ላይም የተበረዘ ፔኒሲሊን ሸጦ ሕፃናት የገደለ ሰው ቢሆንም እሷ ትወደው ነበር። ወዳጁን አሳልፎ የሰጠውን ሰው ምን ትለዋለች?

አጎት፦ እኔ ደግሞ ያ ፔኒሲሊን የጎዳቸው ሕፃናት የተኙበትን ሆስፒታል ካየሁ በኋላ ሰውየው ላይ መፍረድ አልችልም። ይኸው፣ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔና አንቺ እንከራከርበታለን። ቪየና ውስጥ ቡርግ ኪኖ የሚባል ሲኒማ ቤት ዛሬም በየሳምንቱ ያሳየዋል።

የእህት ልጅ፦ ስለ ፊልሞቹ ወዳጆች አንድ ነገር ልጠይቅ። ስለ ጣቢያው ነገሩኝ። ይህ ነገር ከፎቶ መነሳት ያለፈ ምን ይጠቅማል?

አጎት፦ ፊልሞቹን ያዳናቸው ይህ ነገር ነው! ጦርነቱ እንዳለቀ በ1946 ብሪታንያ ውስጥ በአንድ ዓመት ከ1 ቢሊዮን 600 ሚሊዮን በላይ የሲኒማ ቲኬት ተሽጧል፤ ሕዝቡ 50 ሚሊዮን እንኳ በማይሞላበት ጊዜ። ምግቡ፣ ልብሱ በራሽን ነው፤ ቤቱ ፈርሷል፤ ሲኒማ ቤቱ ይሞቃል። «ፓስፖርት ቱ ፒምሊኮ» ላይ የሰፈሩ ሰዎች የውጭ አገር ዜጎች ነን ብለው የራሽን ካርዳቸውን ሲቀዳድዱ አዳራሹ ምን ያህል እንደሳቀ መገመት ትችያለሽ። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። ኢሊንግ ስቱዲዮ በ1955 ለቢቢሲ ተሸጠ። ፓወል በ1960 «ፒፒንግ ቶም»ን ሲሠራ ሐያሲዎች ክፉኛ አዋረዱት፤ አገሩ ውስጥ ሥራ ማግኘት ከበደው። በ1970ዎቹ ረስተውት፣ ቸግሮት ይኖር ነበር።

የእህት ልጅ፦ ያነሳው ዳይሬክተሩ ስኮርሴዚ ነው አይደል?

አጎት፦ የኒውዮርክ ጣልያኖች ሰፈር ልጅ። «ዘ ሬድ ሹዝ»ን ያየው ልጅ ሆኖ፣ አባቱ ወስደውት ነው። የፓወልንና የፕረስበርገርን «ዘ ቴልስ ኦቭ ሆፍማን» ደግሞ በቴሌቪዥን በጥቁርና ነጭ ነው ያየው፤ የቀለም ፊልም! ያም ሆኖ ያዘው። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ፊልም አከራይ ቤት አንድ ኮፒ ነበረው፤ እየደጋገመ ይከራየው ነበር። ኮፒው የሌለ ቀን የወሰደው ሌላ ልጅ ነው፤ ያ ልጅ ጆርጅ ሮሜሮ ነው።

የእህት ልጅ፦ የዞምቢ ፊልሞቹ ሮሜሮ?

አጎት፦ እሱ ራሱ። ሁለት ልጆች አንድ የእንግሊዝ የኦፔራ ፊልም ይሻሙ ነበር። ስኮርሴዚ አድጎ ፓወልን ፈልጎ አገኘው፤ «ፒፒንግ ቶም» እንደገና እንዲታይ አገዘ። የስኮርሴዚ ኤዲተር ቴልማ ስኩንሜከርን ታውቂያታለሽ፤ ሦስት ኦስካር ያላት። ከፓወል ጋር ያስተዋወቃት እሱ ነው፤ በ1984 ተጋቡ። ፓወል በ1990 ከሞተ በኋላም ስለ ፊልሞቹ መናገሯን አላቆመችም። «ዘ ሬድ ሹዝ» ሊታደስ ሲወጣ ዋናው ኔጋቲቭ ሻግቶ፣ ሦስቱ የቀለም ፊልሞች እኩል አልገጥም ብለው ነበር። እያንዳንዱን ፍሬም አጽድተው በ2009 በካን የፊልም ፌስቲቫል አሳዩት። የወዳጅ ሥራ ማለት ይህ ነው። ማንም ትርፍ አያገኝበትም።

የእህት ልጅ፦ የእኔ ሙያ እንዲህ ዓይነት ሰው እንዳለው ባውቅ ከመጀመሪያው ከእሷ እጀምር ነበር። ፓወል ሚስት ያደረጋት ኤዲተር፣ ሊን ራሱ ኤዲተር።

አጎት፦ ካሜራማኖቹንም አትርሺ። ዳግላስ ስሎከምብን። «ካይንድ ሃርትስ ኤንድ ኮሮኔትስ» ላይ አሌክ ጊነስ ስምንት የአንድ ቤተሰብ ሰዎችን ይጫወታል፤ ሴትም አለችበት። በአንድ ትዕይንት ስድስቱ አብረው ይታያሉ። ኮምፒውተር የለም። ካሜራውን መሬት ላይ አስረው፣ ሌንሱን እየከለሉ፣ ያንኑ ፊልም ስድስት ጊዜ እየመለሱ አስነሱበት። ካሜራው በፀጉር ስፋት ቢንቀሳቀስ ሁሉም ይበላሻል። ስሎከምብ ማንም እንዳይነካው ሌሊቱን እዚያው አጠገቡ ተኛ።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ ጀግኖችዎን ሁሉ ነገሩኝ፤ ሃንጋሪው፣ ብራዚላዊው፣ ጀርመኑ። ሁሉም ነጭ ናቸው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ጥቁር ሰው አልነበረም? ከካሪቢያን መርከብ ሙሉ ሰው የመጣው በ1948 አይደል? ፊልሞቹ ላይ የት ገቡ?

አጎት፦ እኔ ወደዚያ ልመጣ ነበር። «ፑል ኦቭ ለንደን» የሚባል አለ፤ 1951፣ የኢሊንግ ነው፤ ቤዚል ዲርደን ያዘጋጀው። መርከበኞች ቅዳሜና እሑድ ለንደን ይወርዳሉ፤ የወንጀል ታሪክ ነው። ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ጆኒ የሚባል ጃማይካዊ መርከበኛ ፓት ከምትባል ነጭ ልጅ ጋር ይተዋወቃል። ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልን ያያሉ፤ ግሪንዊች ይሄዳሉ። በቦምብ የተመታችው ለንደን ውስጥ ሁለት ወጣቶች ሲራመዱ። ይዋደዳሉ፤ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም። ይለያያሉ።

የእህት ልጅ፦ እንደ ላውራና እንደ ፍቅረኛዋ።

አጎት፦ እንደነሱ።

የእህት ልጅ፦ አይደለም ጋሼ። ላውራ ዝም ያለችው ባሏንና ልጆቿን አስባ ነው፤ ምርጫው የራሷ ነው። ጆኒን ዝም ያሰኘው የቆዳው ቀለም ነው። እሱ የሚከዳው ሰው የለም፤ የሚያሳፍር ነገር አልሠራም። ውጭ ሲታይ ያው ጨዋነት ይመስላል፤ ግን የአንዱ ዝምታ ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። አንዱን ካየሁ በኋላ ሌላውን ባየው፣ ያንን የሻይ ቤት ስንብት ራሱ በሌላ ዓይን የማየው ይመስለኛል።

አጎት፦ ይህን ማንም እንዲህ አድርጎ አልነገረኝም። እስቲ አብረን እንየውና እዚያው ላይ አሳዪኝ። ጆኒን የሚጫወተው ኧርል ካሜሩን ይባላል፤ ቤርሙዳ የተወለደ፣ እንደ ጆኒ ራሱ መርከበኛ ሆኖ በ1939 እንግሊዝ የገባ። ሥራ አጥቶ ሳህን ያጥብ ነበር። በለንደን መድረክ ላይ አንድ ተዋናይ ሲቀር እሱን አስገቡት፤ ተዋናይ የሆነው እንደዚያ ነው። ከዚህ ፊልም በኋላ የሚገባውን ያህል ዋና ሚና አልሰጡትም። ቢሆንም ከሙያው አልወጣም። በ2020 በ102 ዓመቱ ነው ያረፈው። ካረጀ በኋላ እንኳ ፊልም ይሠራ ነበር፤ «ኢንሴፕሽን» ላይ አለ።

የእህት ልጅ፦ «ኢንሴፕሽን» ላይ? እኔ ስንት ጊዜ ያየሁት ፊልም ላይ? የቱ ጋ?

አጎት፦ ሞምባሳ ምድር ቤት ውስጥ ሰዎች ተደርድረው እንቅልፍ ላይ ናቸው። የሚጠብቃቸው ራሰ በራ ሽማግሌ አለ።

የእህት ልጅ፦ አወቅኩት! ጥቂት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ፊልሙን በሙሉ የሚያናጋው ሰውዬ? እሱ ነው ጆኒ?

አጎት፦ እሱ ነው።

የእህት ልጅ፦ በሉ ይነሱ፣ «ፑል ኦቭ ለንደን» የት ነው ያለዎት? ዲቪዲ ነው?